ያረጀ ውሻን መሸኘት፦ መጠበቅ፣ ክሊኒክ መውሰድ ወይስ ሐኪሙን ወደ ግቢ መጥራት?

አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት በር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ አንድ ጧት በሩ ሲንኳኳ አንገቱን ብቻ ቀና አድርጎ ያያል፤ አይነሣም። ከዚያ ቤት ውስጥ ክርክር ይጀመራል። አንዱ «በራሱ ጊዜ ይሙት» ይላል፤ ሌላው «መርፌ ተወግቶ ይገላገል» ይላል፤ ጎረቤት ደግሞ «ራቅ አድርጋችሁ ጣሉት» ብሎ ይመክራል። እዚህ የምናነጻጽረው እነዚህኑ ነው፦ እያንዳንዱ ምርጫ ለውሻው ምን ማለት እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ ምን እንደሚጠይቅና የት ላይ እንደሚበላሽ። መነሻችን አዲስ አበባና ሌሎች የአገራችን ከተሞች ናቸው፤ ውጭ አገር ለሚኖሩም የተወሰነ ነገር ጨምረናል።

ዋናውን አስቀድመን እንበል። ምርጫው የሚደረገው ውሻው ገና በእግሩ መቆም ሲችል ነው። በመጨረሻው ሌሊት የሚመርጥ ሰው የተገኘውን እንጂ የተሻለውን አያገኝም፤ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ መድኃኒቱ አልቋል፣ ጉድጓዱም አልተቆፈረም።

በቅድሚያ፦ እርጅና ነው ወይስ የሚታከም በሽታ?

እርጅና በራሱ በሽታ አይደለም። ትልልቅ ውሾች ከ7 እና ከ8 ዓመት ጀምሮ፣ ትንንሾቹ ከ10 ዓመት በኋላ እንደ ሽማግሌ ይቆጠራሉ፤ መዘግየትና ብዙ መተኛት ያለ ነገር ነው። ነገር ግን «አበቃለት» ከተባሉት መካከል ብዙዎቹ የሚታከም ሕመም አለባቸው። ምግብ የተወው የበሰበሰ ጥርስ እያመመው ሊሆን ይችላል። መነሣት ያቃተው መገጣጠሚያው አብጦ፣ ወይም ጥፍሩ አድጎና ተጣጥፎ መዳፉን እየወጋው ሊሆን ይችላል። ድድዋ የነጣና የደከመች ውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ ይዟት ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውንም ውሳኔ አንድ ምርመራ ይቅደመው፦ አፍ ውስጥ ይታይ፣ ሆዱ ይዳሰስ፣ ልቡና ሳንባው ይደመጥ፣ የሚቻል ከሆነ ኩላሊቱ በደም ምርመራ ይታወቅ። ሕመሙ የመገጣጠሚያ ከሆነ ሐኪሙ የሚያዘውን ማስታገሻ ለሁለት ሳምንት መሞከር ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጅራቱን እየቆላ በሩ ድረስ የሚሄድ ከሆነ ገና ጊዜ አለው።

አንድ ነገር ግን ከእርጅና ጋር ፈጽሞ መምታታት የለበትም። ውሻው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ታችኛው መንጋጋው ከወደቀ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ውሃ መዋጥ ካቃተው ወይም ያለ ምክንያት መናከስ ከጀመረ የእብድ ውሻ በሽታን ይጠርጥሩ። «አጥንት ታንቆበት ይሆናል» ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ። ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻውን ለመግደል አይቸኩሉ፤ ሰው የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቃል፣ ከሞተ ደግሞ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው። ስለዚህ ጭንቅላቱን መምታት ወይም ሬሳውን ቶሎ መቅበር ለተነከሰው ሰው የሚጠቅመውን መረጃ ያጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ምርመራ የሚሠራው ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ቀኑን እንዴት እናውቃለን?

«ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ፍቅር ግን ዓይንን ያታልላል፤ በየቀኑ የሚያዩት ነገር ቀስ በቀስ ሲከፋ አይታይም። አሊስ ቪያሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ለዚህ የሚሆን መለኪያ አዘጋጅተዋል፤ ዛሬ በብዙ አገር ክሊኒኮች ይሠራበታል። ሰባት ነገሮች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣቸዋል፦ ሕመም (መተንፈስን ጨምሮ)፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ እና ደህና ቀናቱ ከክፉዎቹ መብዛታቸው። 10 ጥሩ ነው፣ 0 መጥፎ ነው። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ኑሮው እንደሚቻል ይቆጠራል።

መለኪያው የሚበላሸው አንድ ሰው ብቻውን ሲሞላው ነው። ምግብ የሚሰጠው ሰው ለምግብ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጣል፤ ቀን ሥራ የሚውለው ማታ ጅራቱን ሲቆላ ብቻ ስላየው «ደስተኛ ነው» ይላል። ሦስት ሰዎች ለየብቻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሙሉት። ዘበኛ ካለ እሱም ይጠየቅ፤ ውሻው ሌሊት ሲያቃስት ማደሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ድምሩም ብቻውን እንዳይሸፍንብዎ፦ ሌላው ሁሉ 7 ሆኖ ሕመሙ ወይም ትንፋሹ 2 ከሆነ፣ 44 ያገኘ ውሻ እየተሠቃየ ነው።

ትንፋሹን ራስዎ ይቁጠሩ። ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ለ30 ሰከንድ ቆጥረው በሁለት ያባዙት። ጤነኛ ውሻ ተኝቶ በደቂቃ ከ30 በታች ይተነፍሳል። በተደጋጋሚ ከ30 ካለፈ ሳንባው ውስጥ ውሃ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይነገራል። አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ክርኖቹን ከደረቱ አርቆ የሚተነፍስ ከሆነ ወይም ድድው ወደ ሰማያዊ ካደላ የዚያኑ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ እስከ ነገ አይቆይም።

መጠበቅ፦ በቤት ውስጥ እየተንከባከቡ

ይህ ምርጫ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ምንም አለማድረግ» አይደለም። ከሁሉም በላይ ድካም ያለበት እሱ ነው።

የግቢ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው ሲሚንቶ ላይ ነው። ጡንቻው የሟሸሸ ውሻ እዚያ ሲተኛ ክርኑና ዳሌው ላይ ያለው ቆዳ በአጥንቱና በወለሉ መካከል ይጨፈለቃል፤ ደም ስለማይደርሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆስላል። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ያንጥፉለት፤ ከላዩ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ በላይ በየቀኑ የሚታጠብ ጨርቅ ይሁን። መነሣት ያቃተውን በየ4 ሰዓቱ ጎኑን ይለውጡለት። ትልቅ ውሻን በጀርባው አያንከባልሉ፤ መጀመሪያ በደረቱ አቅንተው ከዚያ ወደ ሌላው ጎኑ ያጋድሙት። ሽንት ያረጠበው ቆዳ በአንድ ቀን ሊቀላ ስለሚችል ለብ ባለ ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ ቁስሉ ላይ ዝንብ ካረፈና እንቁላል ከጣለ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ትል ያፈላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለሽማግሌ ውሻ ክፉ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ውጭ ያደረ ቢሆንም በእነዚያ ወራት በረንዳ ወይም ክፍል ውስጥ ይግባ።

ለማስነሣት ፎጣ ወይም ያረጀ ነጠላ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፈው ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ይያዙ። ጅራቱን ወይም የኋላ እግሮቹን ይዞ መጎተት የታመመውን ዳሌ ይጎዳል። ሴራሚክ ወለል ላይ ስለሚንሸራተት ከመኝታው እስከ በሩ ምንጣፍ ይዘርጋለት።

ምግቡ ለስላሳና ሞቅ ያለ ይሁን፤ ሽታው ያነሣሣዋል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይስጡት። አጥንት የሌለው የተቀቀለ ዶሮ ከሩዝ ጋር፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም የተቀቀለ ሳምባ ይሆነዋል። የወጥ ትርፍ አይስጡ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ያረጀ ውሻ ደግሞ ይህን የሚቋቋምበት አቅም የለውም። በሁዳዴ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሽማግሌ ውሾች የሚከሱት በእነዚያ ሳምንታት ነው። ፍሪጅ ያለው ሰው ከቅበላ በፊት ሳምባና ቅንጥብጣቢ ቀቅሎ በየቀኑ መጠን ከፋፍሎ ያስቀምጥ። በፋሲካና በገና ማግስት ደግሞ አደጋው ተቃራኒው ነው፤ የበሰለ አጥንት የሽማግሌ ውሻን አንጀት ይደፍናል፣ ይወጋልም።

የሚጠጣውን ውሃ በሊትር ይለኩ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውሻ በቀን በኪሎው 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ለ20 ኪሎ ውሻ አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ በእጥፍ ከጨመረ ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መድኃኒት እንምጣ፤ ጥፋት የሚበዛው እዚህ ነው። ፋርማሲ ገብቶ ዳይክሎፍናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝቶ ለውሻ መስጠት በጣም የተለመደ ነው፤ ሁለቱም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድሉትም ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ለውሻ የሚታዘዘው ሜሎክሲካም የተባለ ማስታገሻ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን 2 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። የሰው ሜሎክሲካም ግን 7.5 ወይም 15 ሚሊ ግራም ሆኖ ስለሚሸጥ አንድ ሙሉ ፍሬ የሰጠ ሰው አራት እጥፍ ገደማ ወይም ከሰባት እጥፍ በላይ ሰጠ ማለት ነው። ካስመለሰው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም መብላት ካቆመ ወዲያው ይቁም። ኩላሊቱ ለደከመ ውሻ ግን ከመጀመሪያውም አይሰጥ፤ የደም ምርመራው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሜሎክሲካም ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ጋር በአንድ ላይ አይሰጥም።

መጠበቅ የሚመረጠው ውሻው ደካማ ሆኖ ግን ሲበላ፣ ሲጠጣ፣ ሕመሙ በመድኃኒት ሲታገሥለትና ቀን ከጎኑ የሚውል ሰው ሲኖር ነው። ሁሉም ሰው ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባበት ቤት ከሆነ መነሣት የማይችል ውሻን ማቆየት ጭካኔ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ሽንቱ ላይ ተኝቶ ይውላል።

ፈጽሞ የማይጠበቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ልቡ ደክሞ ሳንባው ውሃ የሞላ ውሻ የሚሞተው በመታፈን ነው። ጣፊያው ላይ ያለ ዕጢ ሲፈነዳ ሆዱ ውስጥ ደም ይፈስሳል። ሆዱ ተነፍቶ የሚያቃስትና ለማስመለስ ሲታገል ምንም የማይወጣለት ትልቅ ውሻ ጨጓራው ተጠምዝዞ ይሆናል። የአጥንት ካንሰር፣ ሽንት ፈጽሞ እምቢ ማለት፣ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ወይም እየተደጋገመ የሚመጣ መንዘፍዘፍም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ጊዜ «በራሱ ጊዜ ይሙት» ማለት በሠቃየበት ልክ ይሙት ማለት ነው። ኩላሊቱ ጨርሶ የቆመ ውሻም ጸጥ ብሎ የሚያንቀላፋ ይመስላል እንጂ ማቅለሽለሹና የአፉ ቁስል ሰላም አይሰጡትም።

በተፈጥሮ የሚሞተው ውሻ በመጨረሻው አንድና ሁለት ቀን እግሮቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ በመካከሉ ረዥም ዝምታ ይገባል። ውሃ ወይም ወተት በሲሪንጅ አፉ ውስጥ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱለት፣ ያልብሱት፣ አጠገቡ ይቀመጡ። ካቃሰተ ወይም ከታፈነ ሐኪም ይጠሩ፤ ሐሳብን መለወጥ ምንም ነውር የለበትም።

በመድኃኒት ማሳረፍ፦ በትክክል ሲደረግ ምን ይመስላል?

መርፌው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማደንዘዣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ውሻው ያንቀላፋል። ሁለተኛው በደም ስር የሚገባው ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚመረጠው ፔንቶባርቢታል ነው፤ ይህ ከመጠን በላይ የተሰጠ ማደንዘዣ ማለት ነው። መጀመሪያ አንጎል ይተኛል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይቆማል፣ ከዚያ ልብ። ከመርፌው መግባት እስከ ልብ መቆም ብዙውን ጊዜ ከአንድና ሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ሐኪሙ በማዳመጫ ለጥቂት ደቂቃ አዳምጦ፣ የዓይኑን ብሌን ነክቶ አለመርገብገቡን አይቶ ሞቱን ያረጋግጣል።

አስቀድመው ካላወቁት የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ዓይኑ ተከፍቶ ይቀራል። ልቡ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ደረቱ ከፍ ሊል፣ ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ሽንትና ሰገራም ይወጣል። ይህ የነርቭ እንቅስቃሴ ነው እንጂ ሕመም አይደለም፤ ውሻው አያውቀውም። ከሥሩ ሊጣል የሚችል ጨርቅ አስቀድመው ያንጥፉ።

የት ይበላሻል? ማደንዘዣው ዛይላዚን ከሆነ ብዙ ውሾችን ያስመልሳል፤ ስለዚህ ከቀጠሮው 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ከባድ ምግብ አይስጡ፣ የሚወደውን አንድ ቁራሽ ግን አይከልክሉት። ውሃ ያጣና የደም ግፊቱ የወረደ ውሻ ደም ስሩ ስለሚጠፋ ሐኪሙ ከፊት እግር ወደ ኋላ እግር ሊዞር ይችላል፤ መንገዱን የሚከፍት ቱቦ አስቀድሞ ቢገባለት ጥሩ ነው። ደም ስር ጭራሽ ካልተገኘ ሆድ ውስጥ መስጠት ይቻላል፣ ግን ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። ልብ ላይ መውጋት የሚፈቀደው ውሻው ፈጽሞ ራሱን ከሳተ በኋላ ብቻ ነው።

ሁሉም ክሊኒክ ፔንቶባርቢታል ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ በስልክ እነዚህን ይጠይቁ፦

መጀመሪያ የሚያደነዝዝ መርፌ ትሰጣላችሁ ወይ?
ሁለተኛው መድኃኒት ምንድን ነው?
እኔ አጠገቡ መቆም እችላለሁ ወይ?
ሞቱን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?
ሬሳውን እኔ ልውሰድ ወይስ እናንተ ትቀብራላችሁ? ጠቅላላ ዋጋውስ ስንት ነው?

በፔንቶባርቢታል ፈንታ ልብን ለማቆም የሚሰጡት ፖታሲየም ክሎራይድ ወይም ማግኒዚየም ሰልፌት በሙሉ ማደንዘዣ ውስጥ ላለ ውሻ ተቀባይነት አላቸው። ነቅቶ ላለ ውሻ ከተሰጡ ግን ልቡ የሚቆመው እያወቀ ነው። ጡንቻን ብቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ደግሞ ይብሳል፤ ውሻው እየሰማና እያየ ይታፈናል። «አንድ መርፌ ይበቃዋል» ብሎ የመድኃኒቱን ስም የማይነግርዎ ሰው ጋ አይሂዱ። መድኃኒቱ በክብደት ስለሚሰላ ኪሎውን ያውቁ ዘንድ ውሻውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ወጥተው ከራስዎ ኪሎ ይቀንሱ።

ክሊኒክ ወይስ ግቢ?

ክሊኒኩ መብራት፣ ጠረጴዛ፣ ረዳትና ተጨማሪ መድኃኒት አለው። ደም ስሩ የሚያስቸግር፣ በጣም የደከመ ወይም በድንገት የታመመ ውሻ እዚያ ቢሄድ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉ ሰዎች ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የማስተማሪያ ክሊኒክ ስላላቸው መጠየቅ ጥሩ ነው። የክሊኒክ ጉዳቱ መንገዱ ነው። ዳሌው የታመመ ትልቅ ውሻ መኪና ላይ ሲወጣ ይጮሃል፤ የጥሪ ታክሲ ብዙ ጊዜ ውሻ አይጭንም፣ ስለዚህ መኪናው አስቀድሞ ይነገር። ብርድ ልብስ ላይ አጋድመው ለሁለት አራቱን ጫፍ ይዘው ያንሡት። ተራ እስኪደርስ ከሌሎች ውሾች ጋር አያስቀምጡት፤ መኪናው ውስጥ ይቆይና የመጀመሪያው መርፌ እዚያው ይሰጠው።

ግቢው ለውሻው ይሻላል ብለን እናምናለን፤ የሚያውቀው ሽታ፣ የሚያውቀው ጥላ አለ። ግን የኢትዮጵያ ግቢ ውሻ ጠባቂ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያደገበት ሥራ የማያውቀውን ሰው ከበሩ ማባረር ነውና ሻንጣ የያዘ ሐኪም ሲገባ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ይነሣል። የመጨረሻ ሰዓቱ በሰንሰለትና በጩኸት እንዳያልፍ ሐኪሙ በአፍ የሚሰጥ ማረጋጊያ አስቀድሞ ይዘዝ፤ ከቀጠሮው ሁለት ሰዓት ያህል በፊት በቁራሽ ሥጋ ውስጥ ይስጡት። ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት ማሰሪያውን ያድርጉለትና እሱ የሚያምነው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ምግብ የሚሰጠው፣ ጭንቅላቱን ይያዝ። ሐኪሙ ከኋላው ይጠጋ። ሌላ ውሻ ካለ ክፍል ውስጥ ይዘጋበት፤ ሲያበቃ ወጥቶ ሬሳውን ያሽትት።

ሰዓቱ ጧት ይሁን፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። አንድ ነገር ቢጎድል ክሊኒኮች ክፍት ናቸው፤ ቀብሩም በብርሃን ያልቃል። በዓል ዋዜማ ላይ አይቅጠሩ።

ልጆች ካሉ «ተኛ» አይበሏቸው፤ በሚቀጥለው ምሽት መተኛት የሚፈራ ልጅ ይኖርዎታል። «ሞተ፤ ሰውነቱ መሥራት አቆመ፤ አሁን አያመውም» ማለት ይበቃል። ለውሻ ማልቀስ እንደ ነውር በሚታይበት ሰፈር ውስጥም ቢሆን ልጁ ይልቀስ፤ አዋቂውም እንዲሁ።

የማንመክራቸው ሁለቱ

መርዝ፦ በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመግደል ሲሠራበት የኖረው ስትሪክኒን ነርቭን የሚያረጋጋውን የሰውነት መልእክት ይዘጋል። ውሻው ራሱን ሳይስት ጡንቻው ሁሉ ይገተራል፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይንዘፈዘፋል፣ በመጨረሻም መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት ውሻን ለመግደል ተቀባይነት የላቸውም ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ነው። የተመረዘውን ሬሳ የበላ እንስሳም ተመርዞ ሊሞት ይችላል።

መጣል፦ ከከተማ ዳር ወስዶ መተው «ዕድሉን መስጠት» ይባላል። ያረጀ ውሻ ምንም ዕድል የለውም። የሰፈሩ ውሾች ይነክሱታል፣ መንገድ ላይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይም ሌሊት ጅብ ያገኘዋል። ገንዘብ ከጠፋ ከዚህ ይልቅ ለክሊኒኩ በግልጽ መናገርና ቅናሽ መጠየቅ ይሻላል።

ውጭ አገር ለሚኖሩ

በአሜሪካና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ማግኘት ቀላል ነው። እዚያ ክርክሩ ማቃጠል ወይስ መቅበር የሚል ነው። የጋራ ማቃጠል ርካሽ ነው፣ አመዱ ግን አይመለስም፤ ለብቻ ማቃጠል ውድ ነው፣ አመዱ ይሰጣል። ከ20 ኪሎ ውሻ የሚገኘው አመድ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ዕቃ አይግዙ። «ለብቻ» የሚለው ቃል በየድርጅቱ የተለያየ ትርጉም ስላለው ምድጃው ውስጥ ሌላ እንስሳ አብሮ ይገባ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቁ። እንግሊዝ አገር የራስ ቤት ጓሮ ውስጥ የቤት እንስሳን መቅበር ይፈቀዳል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል፣ ተከራይ ከሆኑ ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ቀብሩ

እዚህ አገር ላለነው ዋናው ምርጫ ቀብር ነው። የራሱ ግቢ ያለው ሰው ብዙ አይቸገርም። ተከራይ አከራዩን ያስፈቅድ። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የጋራ ቦታ ላይ ከመቆፈሩ በፊት ኮሚቴውን ይጠይቅ፤ ካልሆነ ከከተማ ወጣ ያለ መሬት ያለው ዘመድ ወይም ክሊኒኩ ራሱ ይሻላል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣል ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱ ክብሩ ብቻ አይደለም። ፔንቶባርቢታል ሬሳው ውስጥ ለረዥም ጊዜ ይቆያል፤ ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳ፣ ጅብ ወይም ሌላ ውሻ ይሞታል። አዲስ አበባ ላይ ሲያንዣብቡ የምናያቸው ጥንብ አንሳዎች በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች መካከል ናቸው።

ጉድጓዱ ቢያንስ 1 ሜትር ይጠልቅ፤ ጅብ በሚደርስበት ሰፈር ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። 30 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የውሃና የመብራት መስመር የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድመው ይለዩ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ፣ ቦሌና አቃቂ አካባቢ እንደሚታየው፣ በክረምት ጉድጓዱ በአንድ ሌሊት ውሃ ይሞላል፤ ስለዚህ በዚያኑ ዕለት ጧት ይቆፈር። በበጋ ደግሞ ዋልካ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ሽታ ይወጣል፤ ከላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀይ አፈር ወይም አሸዋ ይደልደልበት። የሰውነቱ መድረቅ ከሞተ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ስለዚህ ወዲያው እግሮቹን ወደ ሆዱ አጥፈው እንደ ተኛ ያድርጉት፣ አለበለዚያ ጉድጓዱ አይበቃውም። በጋቢ፣ በአንሶላ ወይም በቃጫ ጆንያ ይጠቅለል፤ በማዳበሪያ ወይም በላስቲክ አይታሰር፣ አይበሰብስምና። ኖራ መጨመር ቶሎ ያፈርሰዋል የሚሉ አሉ፤ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ሽታውን ይቀንሳል እንጂ መበስበሱን ያዘገያል።

አፈሩን በ30 ሳንቲ ሜትር ልክ እየረገጡ ይሙሉት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድረው እንደገና አፈር ያልብሱበት፤ ጅብ ከላይ የተቆለለውን ድንጋይ ይገለብጣል፣ ከውስጥ ያለውን ግን ቶሎ አያገኘውም። ዛፍ መትከል ከፈለጉ ከመጀመሪያው ክረምት በፊት አይቸኩሉ፤ አፈሩ በዚያ ዝናብ አንድ ስንዝር ያህል ይሰምጣል፣ ሥር ያልያዘውም ችግኝ አብሮ ይወርዳል። መስከረም ላይ ጎድጓዳውን በአዲስ አፈር ሞልተው ያስተካክሉትና ችግኙን ያኔ ይትከሉ።